ልጄን ለመንካት ያስፈቀድኩ እናት እኔ ብቻ ነኝ?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ የተወለደችው ያለጊዜዋ፣ በ29 ሳምንት እርግዝና ነው። 1,180 ግራም ነበረች። አሁን ሁለት ዓመት አልፏታል። ይህን ስጽፍ ጠረጴዛው ሥር ገብታ የጫማዬን ማሰሪያ እየፈታች ነው። ስለዚህ ጥያቄዬ የጭንቅ ጥያቄ አይደለም። የቆየ ነው፤ ግን አልለቀቀኝም።

መጀመሪያ ያየኋት በተወለደች በማግስቱ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር እየገፉ ወሰዱኝ። ማሞቂያው ውስጥ፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በሚተኙበት ሙቅ ሳጥን፣ አንዲት ደቃቃ ፍጥረት ተኝታለች። አፍንጫዋ ላይ ቱቦ፣ እግሯ ላይ ቀይ መብራት ያለው ገመድ፣ ደረቷ ላይ የተለጣጠፉ ሽቦዎች። ሲስተሯ ጎንበስ ብላ እማዬ መጣችልሽ አለቻት። እኔ ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንደገባ አየሁ።

ያኔ የተሰማኝ ፍቅር አልነበረም። ፍርሃት ብቻም አልነበረም። እንግድነት ነው። ሰው ቤት ገብቶ የት እንደሚቀመጥ ግራ የገባው ሰው ታውቁ የለ? እንደዚያ። እጄን ሁለቴ ታጠብኩ። ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ ልንካት ወይ ብዬ አስፈቀድኩ። የገዛ ልጄን! ተፈቀደልኝ። በአንድ ጣቴ ክንዷን ዳበስ ሳደርግ ጣቶቿን በሙሉ በረገደች፣ ፊቷ ገረጣ፣ ሞኒተሩ ጮኸ። እሳት እንደነካ ሰው እጄን ሰበሰብኩ። ለ4 ቀን ደግሜ አልነካኋትም። ስሟን ደግሞ ለ9 ቀን አልጠራሁም። ስም ወጥቶላት ነበር። ግን ከጠራኋት የምትሄድብኝ መሰለኝ።

የኔ ነች ያልኩት በ16ኛው ቀን ነው። እናንተስ? ልጃችሁ ማሞቂያ ውስጥ እያለ እናትነቱ መቼ መጣላችሁ? በምንስ መጣ?

ጭማሪ፦ ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄዬ ሥር የተጻፈው የምላሾች ሰንሰለት፣ በጣም ስለረዘመ አዲስ የሚገባ ሰው ከላይ እስከ ታች ማንበብ ከብዶታል። መሀል ላይ ያለው ደግሞ መነካከስ ነው። ስለዚህ ምላሾቹን በየቁጥራቸው በራሴ አንደበት እተርካቸዋለሁ። ማድላቴ አይቀርም፤ ከወዲሁ ይቅርታ።

1ኛ ምላሽ

የመንታ እናት ናት። ልጆቿ በ31 ሳምንት ነው የመጡት። ብቻዬን እንዳልሆንኩ ነግራኝ ስታበቃ ከኔ የከበደ ነገር ተናዘዘች። አንደኛው ልጇ በራሱ ይተነፍስ ነበር፤ ሌላኛው በመሣሪያ። እሷ ሁልጊዜ መጀመሪያ የምትሄደው በራሱ የሚተነፍሰው ጋ ነው። ሌላኛው ጋ የምትደርሰው ሊመሽ ሲል ነበር። ሳትደርስ የቀረችበትም ቀን አለ። ልጁን ጠልታው አይደለም። ከወደደችው በኋላ ብታጣው እንደማትችለው ስለገባት ነው። ይህንንም የተረዳችው ከዓመት በኋላ እንደሆነ ጽፋለች። አሁን ሁለቱም ትምህርት ቤት ገብተዋል። እሷ ግን እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ጫማ ስታስርላቸው ከዚያኛው ነው የምትጀምረው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ።

2ኛ እና 3ኛ ምላሽ

ሁለተኛዋ በሁለት መስመር እሷም ማስፈቀዷን ገለጸች። ሦስተኛው አባት ነው። እሱ እንኳን ሊያስፈቅድ፣ ለ3 ሳምንት የማሞቂያውን በር ከፍቶ አያውቅም። እጁ ትልቅ ስለሆነ የሚሰብራት ይመስለው ነበር።

4ኛ ምላሽ

እዚህ ላይ ነገር ተጀመረ። ጸሐፊዋ በትህትና ነው የገባችው፤ ሐሳቧ ግን ከባድ ነበር። እናትና ልጅ የሚተሳሰሩት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ እንደሆነ፣ ያ ጊዜ አንዴ ካመለጠ ደግሞ እንደማይመለስ ማንበቧን ነገረችን። የኔ እንግድነትም ከዚያ የመጣ ሳይሆን እንደማይቀር ጠረጠረች። እህቴ እያለች ነው የጻፈችው፤ በክፋት አልነበረም። ግን ልጁን በኦፕራሲዮን ወልዶ በ3ኛው ቀን ያየ ሰው ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው አስቡት።

5ኛ ምላሽ

ሥነ ልቦና የሚያስተምር ሰው ነው። አራተኛዋ ያነበበችው ከሜዳ የመጣ እንዳልሆነ በመንገር ጀመረ። በ1970ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ማርሻል ክላውስ እና ጆን ኬኔል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሕፃናት ሐኪሞች፣ ከወሊድ በኋላ ያሉት ሰዓታት ለእናትና ልጅ ትስስር ወሳኝ ናቸው የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ሐሳቡን አጥብቀው ተቹት። ራሳቸው ሐኪሞቹም አለዘቡት። የሰው ልጅ ትስስር በአንድ ሰዓት የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ፣ ዘግይቶ የጀመረም እንደሚደርስ አስረዳ። ግን ለሁለቱ ሰዎች አንድ ነገር መሰከረላቸው። እናቶችን ከጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውጭ ያስቀሩ የነበሩ ሆስፒታሎች በራቸውን እንዲከፍቱ የእነሱ ሥራ ረድቷል። ሐሳቡ ተጋኖ የወጣ ቢሆንም ለእኛ በር ከፍቶልናል ማለት ነው።

አራተኛዋ ወዲያው አመስግና ጽሑፏን አስተካከለች። በዚህ ክር ውስጥ ስህተቷን እንዲህ በቀላሉ የተቀበለች ሌላ ሰው አላየሁም።

6ኛ ምላሽ

ረጅሙ ምላሽ ይህ ነው፤ እኔም ብዙ የምቆየው እዚህ ላይ ነው። የጻፈችው በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ለዓመታት የሠራች ነርስ ናት።

መጀመሪያ ያነሳችው ያቺን ጣቴን ነው። ልጄ እኔን እንዳልጠላችኝ አስረዳችኝ። (አዎ፣ ለሁለት ዓመት ያሰብኩት ያንን ነበር። ሳቁብኝ።) በ29 ሳምንቷ ያለች ሕፃን ቆዳዋ ስስ ነው። አእምሮዋም ብርሃንን፣ ድምፅንና ንክኪን ባንድ ጊዜ ማስተናገድ ገና አልለመደም። ማህፀን ውስጥ ሳለች ዙሪያዋን ተከባ ነበር። እጇን ስትዘረጋ የሚመልስ ግድግዳ ነበር። አሁን ባዶ ቦታ ላይ ተኝታለች። በጣት ጫፍ ቀስ አድርጎ መዳበስ ለኛ ርኅራኄ ነው፤ ለእሷ ግን ኩርኩራ ነው፤ የሚረብሽ። የሚያረጋጋት ጸጥ ያለ፣ ጠበቅ ያለ እጅ ነው።

አደራረጉንም ዘርዝራዋለች። እጅን ታጥቦ ማሞቅ። ከመንካት በፊት በለሆሳስ ማናገር፣ ሰው መምጣቱን እንድታውቅ። ከዚያ አንዱን መዳፍ ጭንቅላቷ ላይ፣ ሌላውን እጥፍ ባሉት እግሮቿ ሥር ማሳረፍ። አለማንቀሳቀስ። ዝም ብሎ መቆየት። ሲወጣም ባንድ ጊዜ ላጥ አለማድረግ፤ መጀመሪያ አንዱን እጅ፣ ቆይቶ ሌላውን።

ቀጥሎ የጻፈችው ነው በጣም የገረመኝ። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ለማልቀስ እንኳ አቅም ስለሚያንሳቸው በሌላ መንገድ ነው የሚናገሩት። ጣት መበርገድ፣ ማስነጠስ፣ ስቅታ፣ ማዛጋት፣ ዓይንን ማሸሽ፣ የቆዳ መገርጣት ወይም መዥጎርጎር፣ እነዚህ ሁሉ በቃኝ ማለት ሊሆኑ ይችላሉ። እጇን ወደ አፏ ከወሰደች፣ ፊቷ ከላላ፣ አተነፋፈሷ ከተስተካከለ፣ ጣት ከጨበጠች ደግሞ ቆዩ እያለች ነው። ማዛጋቱን እኔ እንቅልፍ መስሎኝ ነበር። ሕፃን አስነጥሳ ብርድ ነው ብዬ ብርድ ልብስ የደረብኩበትን ቀን አስታወስኩ።

ነርሷ እንደምትለው ይህን ቋንቋ የለመደች እናት ሞኒተሩ ከመጮኹ በፊት ልጇ መድከሟን ታውቃለች። እሷ የምታየው በአንድ ፈረቃ ብዙ ሕፃናትን ነው፤ እናት የምታየው አንዱን። ስለዚህ አንዳንዴ ነርሶቹ ራሳቸው እናትየዋን ነው የሚጠይቁት፤ ዛሬ እንዴት አገኘሻት ብለው።

7ኛ እና 8ኛ ምላሽ

ሰባተኛዋ አልተዋጠላትም። እሷ ልጇን ታሽ እንደነበር፣ ማሸት ደግሞ ክብደት እንደሚጨምር በጥናት መረጋገጡን ጠቅሳ ተከራከረች። ጥናቱ እውነት አለ። በ1986 በቲፋኒ ፊልድ መሪነት የታተመ ነው። ለ10 ቀን፣ በቀን 3 ጊዜ፣ ለ15 ደቂቃ የታሹት ሕፃናት ካልታሹት 47 በመቶ የበለጠ ክብደት በየቀኑ ጨምረዋል።

ነርሷ በስምንተኛው ምላሽ ተመለሰች፤ ድምጿ ትንሽ ጠንከር ብሎ ነበር። በዚያ ጥናት የታሹት ሕፃናት ከጽኑ ሕክምና የወጡ፣ የተረጋጉ ናቸው። የታሹትም ጠበቅ ባለ እጅ ነው፤ በጣት ጫፍ አልነበረም። ስለዚህ ሁለቱ አይጣሉም። ጠብ ያለው ማሸትን በ2ኛው ቀን፣ ቱቦ የተሰካበት ሕፃን ላይ ለመሞከር በሚያስብ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ሰባተኛዋ መልስ አልሰጠችም።

9ኛ ምላሽ

አምስት ልጆች ያሳደጉ ትልቅ እናት ናቸው። ልጅ ከማህፀን ሲወጣ ፍቅሩም አብሮ እንደሚወጣ፣ ለዚህ ደግሞ ነርስም ጥናትም እንደማያስፈልግ ጻፉ። የዛሬ እናቶች ስሜታቸውን ሲለኩ ልጁን እንደሚረሱት ነገሩን። የገዛ ልጇን ለመንካት የምታስፈቅድ እናት እሳቸው አይተው እንደማያውቁም ጨመሩ። ያቺ እናት እኔ ነኝ መሰለኝ።

10ኛ እና 11ኛ ምላሽ

ጦርነት። አሥረኛዋ ከአምስቱ ስንቱ ማሞቂያ ውስጥ እንደከረሙ ጠየቀቻቸው። አሥራ አንደኛዋ ደግሞ የጻፈችውን አልደግመውም፤ ግማሹን አስተዳዳሪው አጥፍቶታል። ለኔ ተቆርቁራ እንደሆነ ይገባኛል። ግን እናቴ የምትሆን ሴት እንዲያ ስትሰደብ ማየት ደስ አላለኝም።

12ኛ ምላሽ

ግሩም ጸሐፊ ነው። ሁለቱንም ወገን ሳይነካ ጥያቄውን አዞረው። እናቲቱ ለምን እንግድነት ተሰማት ብሎ ከመጠየቅ፣ እንግዳ ያደረጋት ማን ነው ብሎ መጠየቅ ይሻላል ባይ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ፓሪስ ውስጥ ፒየር ቡዳን የተባለ ሐኪም፣ ልጃቸው ማሞቂያ ውስጥ ያለ እናቶች እንዲመጡና እንዲያጠቡ ይወተውት ነበር። ከልጃቸው ከተለዩ ልባቸውም ቀስ በቀስ እንደሚርቅ አይቷል። ከዚያ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ማሞቂያዎች እንደ ትርኢት ሆኑ። ማርቲን ኩኒ የተባለ ሰው ኒውዮርክ፣ ኮኒ ደሴት ላይ ከ1903 እስከ 1943 ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ለተመልካች አሳይቷል። ተመልካቹ ከፍሎ ይገባል፤ በዚያ ገንዘብ ሕፃናቱ ይታከማሉ፤ ወላጆች ምንም አይከፍሉም። ብዙዎቹም ድነዋል። ሆስፒታሎች ደግሞ ኢንፌክሽን ፈርተው ለአሥርት ዓመታት እናቶችን በመስታወት ጀርባ አቆሙ።

ስለዚህ አስፈቅጄ መግባቴ የኔ ጠባይ ብቻ እንዳልሆነ ነው የሚነግረኝ። ቤቱ ሲሠራ ጀምሮ እናት እንግዳ ሆና ነው የታሰበችው። ይህን ቢያንስ አምስት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

13ኛ እና 14ኛ ምላሽ

አሥራ ሦስተኛዋ መፍትሔው የካንጋሮ ዘዴ እንደሆነ በደስታ ጻፈች። ሕፃኑን ከዳይፐርና ከኮፍያ በቀር ራቁቱን፣ ባዶ ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ አስጠግቶ ማቆየት። እስከዚህ ልክ ናት። ዘዴው የመጣው ግን ከአውስትራሊያ እንደሆነ ጨመረችበት። ካንጋሮ እዚያ ስላለ መሆን አለበት።

አሥራ አራተኛው አረማት፤ ለነገሩ ትንሽ ሳቀባት። ዘዴው የተጀመረው ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ በ1978 ነው። ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ የተባለ ሐኪም ማሞቂያ አንሶት፣ ሕፃናት በአንድ ማሞቂያ እየተደራረቡ ኢንፌክሽን ሲጨርሳቸው አይቶ እናቶቹን ማሞቂያ አደረጋቸው። ሄክቶር ማርቲኔዝ የተባለ ባልደረባው ሥራውን አብሮት ገፋበት። ልጆቻቸውን ሆስፒታል ጥለው የሚሄዱ እናቶች መኖራቸውም ያሳስባቸው ነበር። ካንጋሮ የሚለው ስም ልጇን ከረጢቷ ውስጥ ይዛ ከምታሳድገው እንስሳ የተወሰደ ነው፤ ሌላ ዝምድና የለውም።

15ኛ ምላሽ

ሐኪም ናት መሰለኝ፤ አልተናገረችም። የካንጋሮ ዘዴ የድሃ ሆስፒታል ማብቃቂያ ተደርጎ መታየቱ እንደሚያበሳጫት በቁጣ ጻፈች። በ2021 የታተመውን ትልቅ ጥናት ጠቀሰች። ጋና፣ ሕንድ፣ ማላዊ፣ ናይጄሪያና ታንዛኒያ ውስጥ የተካሄደ ነው። ከ1 ኪሎ እስከ 1.8 ኪሎ የሚመዝኑ ሕፃናት እስኪረጋጉ ሳይጠበቅ፣ ከተወለዱ ወዲያው እናት ደረት ላይ ተደረጉ። በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሞተው ሕፃን በ25 በመቶ ቀነሰ። በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያውን ቀይሮ ከወሊድ በኋላ በተቻለ ፍጥነት እንዲጀመር፣ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲደረግ መከረ። በራሱ መተንፈስ ያልቻለ፣ በመሣሪያ የሚተነፍስ ወይም ሾክ ውስጥ የገባ (የደም ዝውውሩ ክፉኛ የተዳከመ) ሕፃን ግን መጀመሪያ መረጋጋት አለበት።

አንድ ነገር ጨምራ ነው የዘጋችው። ይህ እንዲሆን እናትየዋ ቀንና ሌሊት ከልጇ ጋር በአንድ ክፍል መሆን አለባት። አልጋዋ እዚያው መዘርጋት አለበት። እናትን ጠያቂ አድርጎ ካንጋሮ የሚባል ነገር የለም።

እንግዲህ 16ኛውን ቀን ልንገራችሁ። ቦታው እዚህ ነው።

ያቺው የመጀመሪያዋ ሲስተር ነች ወንበር ላይ ያስቀመጠችኝ። ቁልፌን ፈታሁ። ገመዱን፣ ቱቦውን ሰብስባ ልጄን ደረቴ ላይ አስቀመጠቻት፤ እግሯን አጥፋ፣ ጭንቅላቷን ወደ ጎን አድርጋ። ከላይ በጨርቅ ሸፈነችን። እኔ ግን የማየው ሞኒተሩን ነው። ቁጥር ሲወርድ ትንፋሼ ይቆማል። ሲስተሯ አየት አድርጋኝ ሞኒተሩን ወደ ራሷ አዞረችው። እኔ እሱን አያለሁ፣ አንቺ እሷን እዪ አለችኝ። ከዚያ በኋላ የማየው ስላልነበረ አዳመጥኩ። አተነፋፈሷ እንደ ድመት ግልገል ነው። እግሬ ደነዘዘ። ሽንቴ መጣ። አልተንቀሳቀስኩም።

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይተን ሌላ ሲስተር መጣች፤ ፈረቃ ሲቀየር ጎብኚ ይወጣል አለችና እጇን ዘረጋች። አልሰጥም አልኳት። ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። ፍቅር ነው ብዬ የጠበቅሁት ነገር ቁጣ ሆኖ መጣ። የኔ ነች። ለ20 ደቂቃ ተጨማሪ ተፈቀደልኝ፤ በኋላ ገብቶኛል፣ ያ ሁሉ ፍቃድ ነበር። ያን ጊዜ ግን የማስፈቅድ አልመሰለኝም።

ከ16ኛ እስከ 20ኛ ምላሽ

ወሬው ወደ ወተት ዞረ። አሥራ ስድስተኛዋ እናትነት የመጣላት በጡት ወተት ማለቢያው ነው። ልጇን መያዝ ባትችልም እንገሩን በጠብታ እያለበች ትወስድ ነበር፤ ነርሶቹ በጥጥ አፉን ያስነኩታል። በቀን 8 ጊዜ ታልብ ነበር፣ ሌሊትም ጭምር። ቤት ስትሆን ወተቱ ይነጥፋል፤ ማሞቂያው አጠገብ ስትቀመጥ ወይም ፎቶውን ስታይ ይወርዳል። ጡት መጥባት የሚችለው መምጠጥን፣ መዋጥንና መተንፈስን ማቀናጀት ሲጀምር ነው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ከ32 እስከ 34 ሳምንት አካባቢ ይሆናል። እስከዚያ በቱቦ። ማለቢያው ከልጇ ጋር የምታወራበት ስልክ ሆኖላት ነበር። ይህ የኔ አባባል ነው፣ የእሷ አይደለም።

አሥራ ሰባተኛዋ ወተት አልወረደላትም። ባዶ ጠርሙስ ይዛ ነርሶቹ ፊት መቅረብ ስለሚያሳፍራት ሆስፒታል መሄድ የቀረችባቸው ቀናት እንዳሉ በአጭሩ ጻፈች። አሥራ ስምንተኛዋ ደግሞ በደንብ ቢሞከር የማይወርድ ወተት እንደሌለ፣ የእናት ወተት እነዚህን ሕፃናት አንጀታቸውን ከሚጨርስ ከባድ ሕመም እንደሚጠብቅ አስተማረቻት። የጻፈችው የመጨረሻው እውነት ነው፤ የእናት ወተት ይጠብቃል። የመጀመሪያው ግን ውሸት ነው፤ አንዳንዷ የቻለችውን ሁሉ አድርጋም አይወርድላትም። አሥራ ሰባተኛዋ በአሥራ ዘጠነኛው ምላሽ አንድ ቃል ብቻ መለሰች። እዚህ አይጻፍም።

ሃያኛዋ ነርሷ ናት። የለገሰች ሌላ እናት ወተት የሚሰጥባቸው ሆስፒታሎች እንዳሉ አስታወሰች። ባዶ ጠርሙስ ይዛ የመጣችን እናት የወቀሰ ነርስ ካለ ጥፋቱ የነርሱ እንደሆነም ጨመረች። ወተት በቱቦ ሲገባ ወተቱ ያለበትን ሲሪንጅ ቀጥ አድርጋ የምትይዘው እናት ራሷ ብትሆን፣ ሕፃኑ ሲጠግብ የሚሸተው የእሷን ገላ ነው። ለዚህ ወተቱ የግድ የእሷ መሆን የለበትም።

21ኛ እና 22ኛ ምላሽ

መስመር ሳትን። አንዱ፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ትንፋሻቸው ቆም ሲል ካፌይን እንደሚሰጣቸው ሰምቶ እውነት መሆኑን ጠየቀ። እውነት ነው፤ መተንፈስን የሚያነቃቃ መድኃኒት ሆኖ ይሰጣል። ሃያ ሁለተኛዋ እሷና ልጇ ያን ሰሞን በካፌይን ብቻ እንደኖሩ ጻፈች። ከሥሩ የመጣውን ቀልድ ሁሉ ዘልዬዋለሁ።

23ኛ ምላሽ

ትልቅ እጅ ያለው ያ አባት፣ ሦስተኛው፣ ተመለሰ። እጁን ቢፈራም ድምፁን አልፈራም። ምን ብሎ እንደሚያወራ ስለጠፋው የመኪና መመሪያ ያነብላት ነበር፤ ስለ ዘይት መቀየር፣ ስለ ጎማ አየር። ነርሷ ከሥሩ ጽፋ አበረታታችው። ሕፃን መስማት የሚጀምረው ገና ማህፀን ሳለ ነው፤ በ29 ሳምንት ይሰማል። በ32 ሳምንታቸው ያሉ ሕፃናት እንኳ ወላጅ ሲያወራቸው ራሳቸው የበለጠ ድምፅ እንደሚያወጡ ተቀድቶ ተጠንቷል። የሚያስፈልገው ከማሽኑ ጩኸት በላይ መጮህ ሳይሆን ቀስ ብሎ፣ ቀርቦ ማውራት ነው። ልጅቷ ዛሬ መኪና ትወድ እንደሆነ ጠይቀነው ነበር። ፈረስ ነው የምትወደው።

24ኛ ምላሽ

ይህች እናት ማንም ያላነሳውን አነሳች። ልጇ ቤት ከገባ በኋላም አይስቅላትም ነበር። የጎረቤት ልጅ በሁለት ወሩ ይስቃል፤ የእሷ በሦስት ወሩም ምንም። እንደማይወዳት እርግጠኛ ሆነች። በኋላ ነው ስለ ተስተካከለ ዕድሜ የነገሯት። በ29 ሳምንት የተወለደ ሕፃን 11 ሳምንት ቀድሞ ነው የመጣው። ፈገግታ የሚጠበቀው ከተወለደበት ቀን ሳይሆን ሊወለድ ይገባው ከነበረበት ቀን ተቆጥሮ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ላይ ነው። ማለትም ወደ አራት ወሩ ገደማ። ልጇ የሳቀው በአራት ወር ከሳምንቱ ነው፤ ለሷ ሳይሆን ለመጋረጃው።

ይህን ሳነብ ልጄ መቼ እንደሳቀች ለማስታወስ ሞከርኩ። አልጻፍኩትም። የክብደቷን ግን ግራም በግራም መዝግቤዋለሁ።

25ኛ ምላሽ

ነርሷ፣ ለመጨረሻ ጊዜ። ዘግይቶ የሚመጣ ፍቅርና ድብርት አንድ እንዳልሆኑ ለማስጠንቀቅ ነው የገባችው። ያለጊዜው የወለዱ እናቶች ከወሊድ በኋላ ለሚመጣ ድብርት ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ከሁለት ሳምንት በላይ የቀጠለ ኀዘን፣ ከልጁ ጋር መሆን ጨርሶ አለመፈለግ፣ እንቅልፍ ቢገኝም መተኛት አለመቻል፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ፣ እነዚህ በምክር ክር የሚፈቱ አይደሉም። ለሐኪም መንገር ነው፤ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ደግሞ በዚያው ቀን። ሕፃኑን ለሚያክመው ሐኪም ቢሆንም ይሁን፤ እዚያው ስላለ።

26ኛ ምላሽ

ትልቋ እናት ተመለሱ። ይቅርታ አልጠየቁም። ከአምስቱ በፊት አንድ እንደነበረ ብቻ ጻፉ። በሰባት ወሩ ተወለደ። ያን ጊዜ እናት አይገባም ነበር። በመስታወት አዩት፤ ሁለት ጊዜ። አሥረኛዋም አሥራ አንደኛዋም አልመለሱላቸውም። እኔም የምጽፈው ጠፋኝ። ከዚህ በኋላ ክሩ ለሁለት ቀን ዝም አለ።

ከ27ኛ እስከ 31ኛ ምላሽ

ሃያ ሰባተኛውን አንዲት አዲስ እናት ሌሊት ነው የጻፈችው። ልጇ ከተወለደ 5 ቀኑ ነው፤ በ28 ሳምንት። አሁን ማሞቂያው አጠገብ ተቀምጣለች። ሁሉንም አንብባለች። የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው። እጇ ላብ ላብ ይላል፣ ሽቶ ያለው ቅባትም ተቀብታለች፤ ያ ይጎዳዋል ወይ? የቱን እጅስ ነው የምታስቀድመው?

በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሦስት ሰው መለሰላት። የመንታዋ እናት ቅባቱን በሳሙና እንድታስለቅቅ፣ ከዛሬ ጀምሮም ሽቶ እንድትተው ነገረቻት፤ ልጁ የእሷን ጠረን እንዲለምድ። አባትየው እጅ ትልቅ መሆኑ ችግር እንዳልሆነ አረጋገጠላት፤ ያልጠየቀችውን። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ለሲስተሯ ንገሪያት አልኩ፤ ማስፈቀድ ሳይሆን ማሳወቅ። ከዚያ ስሙን ጥሪው። መዳፍሽን ጭንቅላቱ ላይ፤ ሌላውን ከእግሩ ሥር። ጣቱን ከበረገደ አትደንግጪ፣ እጅሽን አታንሺ፣ ዝም በይ፤ መልሶ ካልሰበሰበው ያኔ ቀስ ብለሽ ውጪ።

ሠላሳ አንደኛው የእሷ ነው። እጇን ልትታጠብ እየሄደች እንደሆነ ጻፈች። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰችም።